ሲቲ ስካን ወይስ ኤም አር አይ? የወንድሜን የልብ ምርመራ በተመለከተ ማብራሪያ እጠይቃለሁ

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው የ54 ዓመት ታላቅ ወንድሜን ላለፉት ሦስት ወራት ስላስቸገረው ሕመም ከባለሙያዎችና ተመሳሳይ ምርመራ ካደረጉ ሰዎች ማብራሪያ ለማግኘት ነው። ደረጃ ሲወጣ ወይም ፈጠን ብሎ ሲራመድ ደረቱን መሐል ለመሐል እንደ ከባድ ነገር ይጫነዋል፤ ቆም ብሎ ሲያርፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይለቀዋል። አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥረዋል። ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ሳለ ግን አሞት አያውቅም። የደም ግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ሲጋራ ካቆመ ደግሞ አራት ዓመት አልፎታል። የስኳር ሕመም የለበትም።

መጀመሪያ ያዩት ሐኪም ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ አስነሥተውት ውጤቱ ደህና መሆኑን ከነገሩት በኋላ፣ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ጠበው እንደሆነ ለማወቅ የሲቲ አንጂዮግራፊ አዘዙለት። ቀጠሮውን በመጠባበቅ ላይ ሳለን የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ተነሣ፤ በውጤቱም ግራው የታችኛው የልብ ክፍል በአንድ ምት የሚገፋው በውስጡ ከያዘው ደም 45 በመቶውን ብቻ እንደሆነ፣ ጡንቻው በመጠኑ እንደደከመና መንስኤው ከኢኮው ብቻ ሊለይ እንዳልቻለ ተጻፈ። ይህን ውጤት ያዩት ሁለተኛዋ ሐኪም የልብ ኤም አር አይ እንዲነሣ መከሩት። ሁለቱም ሐኪሞች ጊዜ ወስደው በጥሞና አዳምጠውታልና ጥያቄዬ አንዳቸውን ለመንቀፍ አይደለም።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ኤም አር አይ ከሲቲ በኋላ የመጣ፣ የተሻለ ማሽን ከሆነ ወንድሜ ስለ ምን በሲቲ ጨረር ውስጥ ያልፋል? ወይስ ሁለቱ የሚያሳዩት ነገር ጨርሶ የተለያየ ነው? ሁለቱንም ማድረግ ግድ ከሆነስ የትኛው ይቅደም? በተጨማሪም በደም ምርመራው የኩላሊቱ የማጣራት አቅም 52 ነው ተብሏል፤ በሁለቱም ምርመራዎች በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላው ፈሳሽ፣ ኩላሊቱን እንዳይጎዳው ቤተሰቡ ሁሉ ሠግቷል። የምታውቁትን ብታካፍሉን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከማሽኑ ጀርባ

ውድ ጠያቂ፣ ለወንድምዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። እኔ በሲቲና በኤም አር አይ ክፍሎች ለ14 ዓመታት የሠራሁ ራዲዮግራፈር ነኝ። ምስሉን አንብቦ ውጤት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ወይም የልብ ሐኪሙ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ የትኛው ይቅደም የሚለውን ለሐኪም ትቼ ሲቲው በልብ ላይ እንዴት እንደሚሠራና ወንድምዎ ምን እንደሚገጥማቸው ልንገርዎት።

በመጀመሪያ «ኤም አር አይ በኋላ የመጣ ስለሆነ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ለልብ አይሠራም። የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ሲሆን የኤም አር አይ ምስል ደግሞ በ1973 ታተመ፤ ሁለቱ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያው ሲቲ አንድ ምስል ለማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚያየው የማይንቀሳቀሰውን ጭንቅላት ብቻ ነበር። ልብ ግን አይቆምም። የልብ ደም ቧንቧዎች ደግሞ ውፍረታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚደርስ፣ ከልቡ ጋር አብረው የሚዘሉ ቀጫጭን ነገሮች ናቸው። እነዚህን አጥርቶ ለማየት በአንድ ዙር 64 ረድፍ የሚያነሡት ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪመጡ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። በዛሬዎቹ ማሽኖች የራጅ ቱቦው በሰውየው ዙሪያ አንድ ጊዜ ለመዞር ከሰከንድ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ብቻ ይፈጅበታል።

ይህም ፍጥነት ቢሆን ልቡ ካልረጋ አይበቃም። ለዚህ ነው ወንድምዎ ሲመጡ የኢሲጂ ገመዶች ደረታቸው ላይ የሚለጠፉት፤ ማሽኑ የልብ ምቱን ተከትሎ ልቡ ደም እየሞላ በአንጻራዊነት በሚያርፍበት ቅጽበት ብቻ እንዲያነሣ ይደረጋል። የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ60 እስከ 65 ከሚደርሰው በላይ ከሆነ ቤታ ብሎከር የሚባለው መድኃኒት በአፍ ወይም በደም ሥር ይሰጣቸዋል፤ አስም ካለባቸው ይህን ቀድመው መናገር አለባቸው። ቧንቧዎቹ ከፈት ብለው እንዲታዩ ደግሞ ናይትሮግሊሰሪን ምላሳቸው ሥር ይደረጋል። እዚህ ላይ ሰዎች በእፍረት የሚደብቁት አንድ ነገር አለ፦ ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል የመሰለ የወንድ አቅም ማጠናከሪያ በቅርብ የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን ከተሰጠው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። እኛ ይህን የምንጠይቀው ስለ ደኅንነቱ ነውና ወንድምዎ ያለ ሐፍረት ይመልሱ።

ኮንትራስቱ ሲገባ ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ሙቀት ይሰማል፤ ብዙ ሰዎች ሽንታቸው የወጣ ይመስላቸዋል፣ ግን አልወጣም። ትንፋሽ ያዙ ይባላሉ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይይዛሉ፣ በዚያው አለቀ። ዝግጅቱ ነው ጊዜ የሚወስደው።

ስለ ጨረሩ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በመጠኑ ይሁን። ሰው በዓመት ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። በጥሩ ማሽን፣ ልቡ ረግቶ የሚነሣ የልብ ሲቲ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሚሊሲቨርት ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ በቀደመው አሠራር ግን ከ10 በላይ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። የልብ ምትን ማረጋጋት ምስሉን ከማጥራቱም ሌላ ጨረሩን የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ ምቱ ሲረጋ ማሽኑ ሙሉውን የምት ዑደት ማንሣት አያስፈልገውም።

ኩላሊትን በተመለከተ፣ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት በደም ሥር ሲሰጥ ይበልጥ የምንጠነቀቀው የማጣራት አቅማቸው ከ30 በታች ለሆነ ወይም ኩላሊታቸው በቅርቡ በድንገት ለታመመ ሰዎች ነው። በ52 ላይ ያለ ሰው በአብዛኛው ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም ቁጥሩን ለክፍሉ ይንገሩ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርም ይያዙ።

ሲቲው የሚቸገርባቸውን ሁኔታዎችም መደበቅ አልወድም። የልብ ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ብዙ ካልሲየም ከተጋገረ ካልሲየሙ በምስሉ ላይ ከትክክለኛ መጠኑ በላይ አብጦ ስለሚታይ ቧንቧው ከሆነው በላይ የጠበበ ያስመስለዋል። ቀደም ሲል የገባ ስቴንትም፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዘው ትንሽ የብረት መረብ፣ ስፋቱ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ውስጡን ማየት ያስቸግራል።

የልብ ሐኪም

ባልደረባዬ ስለ ሲቲው የጻፉት ትክክል ነው፤ በተለይ ስለ ሲልዴናፊል ያነሡት በተደጋጋሚ የሚረሳ ነገር ነውና አመሰግናቸዋለሁ። ወንድምዎን ሳላይ ሕክምና ማዘዝ አልችልም፤ ነገር ግን ለጥያቄዎ መልስ የሚሆን ነገር አለኝ።

ሁለቱ ሐኪሞች እርስ በርስ የተቃረኑ አይመስለኝም፤ የጠየቁት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም በእጃቸው የነበረው ሲራመዱ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚለቅ የደረት ጫና ነው። በ54 ዓመት ዕድሜ፣ የደም ግፊት ባለበትና ሲጋራ ያጨስ በነበረ ሰው ላይ ይህ ሲታይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ ነው፤ ቧንቧን በቀጥታ የሚያሳየው ደግሞ ሲቲ ነው። ሁለተኛዋ ሐኪም ደግሞ የደከመ ጡንቻ አዩ፤ የእርሳቸው ጥያቄ «ይህ ጡንቻ ስለ ምን ደከመ?» የሚል ነው። ይህን ደግሞ ከኤም አር አይ አሟልቶ የሚመልስ ምስል የለም።

ኤም አር አይ ጨረር የለውም። በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሆኖ ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠውን ምላሽ ነው የሚለቅመው። ለልብ የምንጠቀምበት ማግኔት ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ ሲሆን ይህም ከምድር የማግኔት ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የልብ ክፍሎችን ስፋትና የሚገፉትን ደም በመለካት ረገድ መመዘኛ የምናደርገው እርሱን ነው፤ በኢኮ 45 በመቶ የተባለው በኤም አር አይ 40 ወይም 50 ሆኖ ቢመጣ ኤም አር አዩን አምናለሁ።

ከዚህ ይልቅ ትልቁ ነገር ጠባሳን ማሳየቱ ነው። ጋዶሊኒየም የተባለው ኮንትራስት ከተሰጠ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ሲታይ፣ ከጤነኛው ጡንቻ ታጥቦ ሲወጣ በጠባሳው ውስጥ ግን ቆይቶ ነጭ ሆኖ ይደምቃል። የሚያበራው ቦታ ያለበት ሥፍራ ራሱ ይናገራል። ቧንቧ ተዘግቶ የሞተ ጡንቻ ከሆነ ጠባሳው ከልቡ የውስጠኛው ገጽ ይጀምርና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ደም የሚቋረጥበት ጡንቻ አስቀድሞ የሚሞተው ከውስጥ በኩል ስለሆነ ነው። በቫይረስ ወይም በሌላ ምክንያት የተቆጣ ጡንቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያበራው የውጨኛው ገጽ ነው። በዘር ወይም በሌላ ምክንያት በሰፋ ልብ ውስጥ ደግሞ በግድግዳው መካከል እንደ ቀጭን መስመር ሲዘረጋ እናያለን። አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን የተከማቸበት ልብም የራሱ መልክ አለው። በተደጋጋሚ ደም በመውሰድ ልብ ውስጥ የተጠራቀመን ብረት እንኳ ያለ ምንም ኮንትራስት በቁጥር መለካት ይቻላል፤ ይህ ልኬት ቲ ሁለት ስታር ይባላል፣ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ብረት መኖሩን፣ ከ10 በታች ከሆነ ደግሞ አደገኛ ደረጃ ላይ መድረሱን ያመለክታል።

የጠባሳው ጥልቀትም ለሕክምና ውሳኔ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከታተመ ጥናት ጀምሮ እንደምናውቀው፣ ጠባሳው ከግድግዳው ውፍረት ግማሽ በላይ ከወሰደ ያ ቦታ የተዘጋው ቧንቧ ቢከፈትለትም ወደ ሥራው የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና ከመወሰኑ በፊት ምን ያህል ጡንቻ በሕይወት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ያምታታዋል። ቧንቧ መጥበቡና መጥበቡ ደም ማሳነሱ አንድ አይደሉም። በሲቲ ላይ 60 በመቶ የጠበበ የሚመስል ቧንቧ በእንቅስቃሴ ጊዜም በቂ ደም ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን ለመለየት በኤም አር አይ ውስጥ አዴኖሲን የመሰለ መድኃኒት ተሰጥቶ ኮንትራስቱ ወደ ጡንቻው ሲገባ ይታያል፤ ደም ያነሰው ቦታ ጠቁሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ፣ 918 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ይህ መንገድ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የደም ግፊትን ቧንቧው ውስጥ ከመለካት ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል፤ ስቴንት የተደረገላቸውም ሰዎች ቁጥር አነስ ያለ ነበር።

እንግዲህ የትኛው ይቅደም? ሐኪሞቹ ከእኔ የተሻለ መረጃ እንዳላቸው ሳልዘነጋ፣ በእኔ ሚዛን ሲቲው ቢቀድም እመርጣለሁ። በደንብ የተነሣ ሲቲ ቧንቧዎቹ ደህና ናቸው ሲል ይታመናል፤ ዋናው ጥንካሬውም ይህ ነው። ጠባብ ናቸው ሲል ግን አንዳንዴ ያጋንናል፣ ተጨማሪ ምርመራም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመው የስኮትላንድ ጥናት 4146 የደረት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ሲከታተሉ፣ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የሞቱት ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸው ሲቲ ከተጨመረላቸው መካከል 2.3 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ብቻ ከታዩት መካከል ግን 3.9 በመቶ ነበሩ። ሲቲው በራሱ ማንንም አላዳነም፤ በቧንቧቸው ውስጥ የስብ ክምችት የታየባቸው ሰዎች ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒትና አስፕሪን በጊዜው ስለተጀመረላቸው ነው ልዩነቱ የመጣው ብዬ አስባለሁ። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ፣ 3561 ሰዎችን ባካተተ የአውሮፓ ጥናት፣ በካቴተር ከመጀመር ይልቅ በሲቲ በመጀመር ከምርመራው ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት ከ1.9 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ላስጠንቅቅ። የደረቱ ጫና እያረፉ ሳለ ከመጣ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት፣ የትኛውንም ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጉት ኢሲጂና የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ናቸው።

ያገገመች

ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ዶክተር ስለ ጠባሳው ሥፍራ የጻፉት በእኔ ላይ የደረሰ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። በ38 ዓመቴ ድንገት ደረቴን አመመኝና ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ትሮፖኒኔ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያው ሌሊት በካቴተር ቧንቧዎቼ ታዩ፤ አንዱም አልተዘጋም። ወደ ቤቴ የተመለስኩት «ድንገተኛ የልብ ሕመም ሳይሆን አይቀርም፣ ቧንቧዎች ግን ክፍት ናቸው» የሚል ወረቀት ይዤ ነው። ያ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ቃል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ልጆቼን አቅፌ ደረጃ መውጣት እንኳ እፈራ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤም አር አይ ተነሣሁ። ጡንቻዬ በአንድ ጎኑ ከውጭ በኩል ተቆጥቶና አብጦ እንደነበር በግልጽ ታየ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ስሙ ታወቀ፣ መድኃኒቱ ተስተካከለ፣ ለስድስት ወር ከከባድ እንቅስቃሴ እንድታቀብ ተነገረኝ፤ ዛሬ ደህና ነኝ።

ስለ ምርመራው ወንድምዎ እንዲያውቁት የምፈልገው ይህ ነው። ከ50 ደቂቃ በላይ ተኝቻለሁ። ማሽኑ ኃይለኛ የመንኳኳት ድምፅ አለው፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጣል። ትንፋሽ አውጥተሽ ያዢ እባል ነበር፤ እያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን ብዙ ነው፣ መጨረሻ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ትንፋሽ አውጥቶ መያዝን ቢለማመዱ ይጠቅማቸዋል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ ገና ሳይገቡ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ቢገቡ ይቀላል፤ እጅ ላይ የሚሰጠውን ኳስ ሲጨምቁ ባለሙያው ወዲያው ይመጣል። አንድ ቅሬታም ነበረኝ፦ ማዘዣዬ ላይ የተጻፈው «የልብ ኤም አር አይ» የሚል ብቻ ስለነበር የሚያነሡኝ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ለማወቅ ሐኪሜን በስልክ እስኪያገኙ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። በወንድምዎ ማዘዣ ላይ ምን እንደተጠረጠረ መጻፉን ከቤት ሳትወጡ ተመልከቱ።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለወንድሜ አነበብኩለት፤ ብዙ ቀለል አለው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወንድሜ በወጣትነቱ ለሰባት ዓመት በብየዳ ሥራ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ የብረት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እንደወጣለት ያስታውሳል። ይህ ለኤም አር አዩ ችግር አለው? ሁለተኛ፣ አንድ የቅርብ ሰው «ኮንትራስት የማይፈልግ የካልሲየም ሲቲ አለ፣ ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ልቡ ነፃ ነው፣ ሌላውን ተወው» አለን። እውነት ነው?

ከማሽኑ ጀርባ

የብየዳውን ጉዳይ ማንሣትዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ሰው ሳይጠየቅ የሚያስታውሰው ነገር አይደለም። ማግኔቱ ማሽኑ ሥራ ላይ ባልሆነበት ሰዓትም እንኳ አይጠፋም፤ ዓይን ውስጥ የቀረች ትንሽ ብረት ብትኖር ልትንቀሳቀስና ዓይኑን ልታቆስል ትችላለች። ስለዚህ ከኤም አር አዩ በፊት የዓይን ዙሪያ ራጅ ይነሣል፤ ብረት ካልታየ ይገባሉ። ይህን ለክፍሉ አስቀድማችሁ ንገሩ እንጂ በቀጠሮው ጠዋት አይሁን፣ ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላልና። የጥርስ ሙሌት አያስቸግርም። በልብ ውስጥ የገባ ስቴንትና አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ ቫልቮችም አያስከለክሉም። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለበት ሰው ግን ዓይነቱ ተጣርቶ፣ መሣሪያው ተስተካክሎና በክትትል ሥር ሆኖ ነው የሚነሣው፤ ድሮ እንደነበረው ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም።

የልብ ሐኪም

የካልሲየም ሲቲ ጥሩ ምርመራ ነው፤ ለወንድምዎ ግን ብቻውን አይበቃም። አጋትስተን በተባሉት ሐኪም ስም የሚጠራው ይህ ነጥብ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የሚቆጥረው በቧንቧው ግድግዳ ላይ የጠነከረውን ካልሲየም ብቻ ነው። ምንም የሕመም ስሜት የሌለበት፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ይጀምር ወይስ አይጀምር በሚል መካከል ያለ ሰው ከዚህ ምርመራ ብዙ ይጠቀማል፤ ዜሮ ከሆነ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚያሠጋው ነገር አነስተኛ ነው፣ ከ400 በላይ ከሆነ ግን ሥጋቱ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ቧንቧን የሚያጠብ የስብ ክምችት ሁሉ ካልሲየም የለበትም፤ አዲስና ለስላሳ የሆነው ክምችት፣ ማለትም ተሰንጥቆ ደም ሊያረጋ የሚችለው፣ በዚህ ምርመራ አይታይም። ሲራመድ ደረቱን የሚጫነው ሰው ዜሮ ቢያገኝ ዕድሉ መልካም ነው እንላለን፤ ልብህ ነፃ ነው አንለውም። በዚህ ላይ ወንድምዎ የደከመ ጡንቻ አላቸው፤ ስለዚያ ካልሲየሙ የሚነግረን ነገር የለም።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሲቲው ተነሣ። የልብ ምቱ በመድኃኒት ወደ 58 ወርዶ ስለነበር ምስሉ ጥሩ እንደሆነ ነገሩን። ሪፖርቱ እንደሚለው በፊተኛው ዋና ቧንቧ ላይ 30 በመቶ የሚሆን መጥበብ ታይቷል፤ የቀሩት ቧንቧዎች ደህና ናቸው። የዓይኑ ራጅም ብረት አላሳየም። ኤም አር አዩ በሚመጣው ሳምንት ነው። የመጀመሪያው የኤም አር አይ ማዘዣ ላይ የተጻፈው «በአዴኖሲን የደም ፍሰት ምርመራ» ነው፤ ለዚህም 24 ሰዓት ቡናና ሻይ እንዲተው ተነግሮታል። አሁንም ያው ምርመራ ነው የሚደረግለት?

የልብ ሐኪም

ይህን መጠየቅዎ ትክክል ነው። 30 በመቶ መጥበብ ደም አያሳንስም፤ ጡንቻውን ያደከመውም እርሱ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ የበሽታው መጀመሪያ ነውና ኮሌስትሮል ስለሚቀንሰው መድኃኒት ሐኪሞቻቸውን ይጠይቁ። የኤም አር አዩ ጥያቄ ግን ተለውጧል፦ «ጡንቻው በእንቅስቃሴ ጊዜ ደም ያንሰዋል ወይ?» የነበረው «ቧንቧው ካልሆነ ጡንቻውን ምን ነካው?» ሆኗል። የሲቲውን ሪፖርት ለሁለተኛዋ ሐኪም አሳዩአቸውና ማዘዣው እንዲታደስ ጠይቁ። አዴኖሲኑ የማያስፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ከቀረ ደግሞ ቡናው አይከለከልም። በምትኩ የሚፈለገው የጠባሳ ምስልና ቲ አንድ እና ቲ ሁለት የሚባሉት የጡንቻ ልኬቶች ናቸው። በኩላሊት 52 ላይ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ጠንካራ ትስስር ያላቸው የጋዶሊኒየም ዓይነቶች እምብዛም አያሠጉም።

የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ጡንቻውን አወፍሮ አድክሞት ሊሆን ይችላል፤ አልኮልም አንዱ ምክንያት ነው። በግድግዳው መካከል ጠባሳ ከታየ ግን ለአደገኛ የልብ ምት መዛባት ያለው ሥጋት ከፍ ስለሚል ክትትሉ ይጠብቃል። ከዚህ ጋር አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በቤተሰባችሁ ውስጥ በለጋ ዕድሜው በድንገት የሞተ ወይም «ልቡ ሰፍቷል» የተባለ ሰው አለ?

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

የእናታችን ታናሽ ወንድም በ41 ዓመቱ ተኝቶ ሳለ ነው የሞተው። እስከዛሬ ማንም ስላልጠየቀን ከወንድሜ ሕመም ጋር አያይዘነው አናውቅም። ነገ ጠዋት ማዘዣው ሳይታደስ ለሐኪሟ እነግራቸዋለሁ፤ እኔም ኢኮ ለመነሣት ቀጠሮ እይዛለሁ።